ጃም ቻክ ልሥራ ወይስ ቻክ ልግዛ? የእንጨት ቶርኖ ላላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ባለሙያዎች

የአልጋ እግርና የደረጃ ዘንግ ብቻ የሚያወጣ ቶርኖ ቻክ (እንጨቱን በአንድ ጫፉ ብቻ የሚይዝ መያዣ) አያሻውም። እንጨቱ በሁለት ጫፉ ተይዞ ይዞራል፣ ይፋቃል፣ ይወርዳል። ጣጣው የሚጀምረው ደንበኛ ክዳን ያለው የስኳር ዕቃ ወይም የፍራፍሬ ሳህን ሲያዝ ነው። ውስጡን ለመቦርቦር አንደኛው ጫፍ ነፃ መሆን አለበት። ውስጡ ካለቀ በኋላ ደግሞ ዕቃው ተገልብጦ ቂጡ መስተካከል ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ የሚያዝበት ቦታ የለውም።

ለዚህ በዋናነት አራት ዓይነት መያዣ አለ። ሦስቱ ይገዛሉ፦ ባለአራት መንጋጋ ቻክ፣ የላስቲክ ጫማ ያለው ሰፊ መንጋጋ (ኮል ጆ የሚባለው) እና አየር በመሳብ የሚይዘው ቫኪዩም ቻክ። አራተኛው ጃም ቻክ ነው። ከቁራጭ እንጨት እዚያው ቶርኖው ላይ ይሠራል፤ ዕቃው በልኩ በተፋቀ ጎድጓዳ ወይም ጉብታ ላይ ተጣብቆ ይያዛል፤ ኮላም ቪቴም የለውም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አቅማችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ደህና ፌስ ፕሌት (ቶርኖው ላይ የሚጠመዘዝ፣ የጃም ቻኩ እንጨት የሚታሰርበት የብረት ሳህን) አሠሩ። ለሁለተኛ ነገር ከተረፋችሁ ባለአራት መንጋጋ ግዙ። ኮል ጆና ቫኪዩም እዚህ ከሚታዘዘው ሥራ አንፃር ጃም ቻክ ከሚሰጠው ላይ ብዙም አይጨምሩም። ዋጋ በብር አልጻፍኩም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ ለሚመጣ መሣሪያ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለነገ አይታመንም።

ከሁሉም በፊት ጥርሱ

ማንኛውም ቻክ ከመታዘዙ በፊት የቶርኖው ዘንግ (ቻኩ የሚጠመዘዝበት የሚዞረው ብረት) ጥርስ መለካት አለበት። ሳይለካ ያዘዘ ሰው በስንት ልመና ያስመጣውን ብረት መስኮት ላይ አስቀምጦ ሲያየው ይኖራል። በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ናቸው፦ 1 ኢንች ወፍራም ሆኖ በአንድ ኢንች ውስጥ 8 ጥርስ ያለው፣ እና ኤም 33 የሚባለው፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 3.5 ሚሊሜትር የሆነው። ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጡ ትንንሽ ቶርኖዎች ¾ ኢንች ባለ 16 ጥርስም አለ። ውፍረቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ 1¼ ኢንች ባለ 8 ጥርስ የሆነ ዘንግ ለዓይን ከኤም 33 አይለይም። ማስመሪያ በጥርሶቹ ላይ አጋድሙና አሥር ጥርስ የያዘውን ርዝመት አንብቡ። 35 ሚሊሜትር ከሆነ ኤም 33 ነው፤ 32 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከሆነ በኢንች ባለ 8 ነው።

ባለ 1 ኢንቹና ኤም 33ቱ አንድ ደግ ነገር አላቸው፤ ጥርሳቸው የተራ ወፍራም ብሎን ጥርስ ነው። ስለዚህ ከማሽን መለዋወጫ መሀል ልኩ የሆነ ዳዶ ፈልጎ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ ማስበየድ ይቻላል፤ ፌስ ፕሌት ማለት ይኸው ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ለጨርቃ ጨርቁም፣ ለቢራውም፣ ለብረታ ብረቱም ጥገና የሚሠራ የብረት ቶርኖ አይጠፋባትም፤ ከደሴ ደግሞ ሐረጎን ወርዶ መድረስ ነው። ለብረት ሠሪው ሁለት ነገር ንገሩት። ከዘንጉ ትከሻ ጋር የሚነካካው የዳዶው ፊት ቀጥ ብሎ ይፋቅ፤ ላሜራውም ከተበየደ በኋላ በራሱ ጥርስ ላይ ታስሮ እየዞረ ይስተካከል። ብየዳ ላሜራ ያጣምማልና ቀድሞ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። ትንሽ ጠማማነት ቢቀርም ጃም ቻክ ይችለዋል፤ እንጨቱ የሚፋቀው እዚያው ፌስ ፕሌት ላይ ታስሮ ስለሆነ ክቡ ከቶርኖው ዘንግ ጋር እኩል ይሆናል። የተገዛ ቻክ ግን ጠማማ ከሆነ ጠማማ ነው።

ጃም ቻክ፦ ርካሹ፣ ግን ትዕግሥት የሚጠይቀው

እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ ከሚይዘው ዕቃም አይጠንክር። የዋንዛ ወይም የዝግባ ቁራጭ ይመቻል። ወይራ ድንጋይ ነው፣ የዕቃውን አፍ ያቆስላል። ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ማታ የተፋቀው ክብ ጠዋት ክብ አይደለም። ቁም ሳጥን ከሚሠሩ ቤቶች የሚተርፍ የኤምዲኤፍ ቁራጭ ለሰፊ ሳህን ደህና ነው፤ ጠርዙ መፈረፈሩ፣ ውሃ ሲነካው አብጦ አለመመለሱና አቧራው ነው ችግሩ፤ ያለ ጭምብል አትፋቁት።

ሁለት ዓይነት አለ። ሴቴው ጎድጓዳ ሆኖ ዕቃውን ከውጭ ያቅፋል፤ ወንዴው ጉብታ ሆኖ ወደ ዕቃው ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ለሳሳ ዕቃ ሴቴውን ምረጡ። ከውጭ የሚመጣ ጫና እንጨቱን ያጠጋጋዋል፤ ወንዴው ግን እንደ ሽብልቅ ከውስጥ ይገፋና በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ይሰነጥቀዋል። ወንዴው የሚሻለው ለክዳንና አፉ ወፍራም ለሆነ ዕቃ ነው።

ልኩን ማግኘት የሥራው ልብ ነው። ከትክክለኛው ልክ በትንሹ ጠበብ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ጉድጓዱም ወደ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያህል እየጠበበ ይሂድ፤ ከዚያ በላይ ካዘመመ ዕቃውን መልሶ ይተፋዋል። ቶርኖውን አቁማችሁ ዕቃውን አፉ ላይ ደግፉና በእጅ ትንሽ አሽከርክሩት። በጃም ቻኩ ላይ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ቀለበት ይቀራል፤ ዕቃው የነካው እዚያ ላይ ነው። ከቀለበቱ ላይ በመሮ ጫፍ ቀጭን ልጥ አንሡና እንደገና ሞክሩ። ቀለበቱ እየወረደ ሄዶ ወደ ታችኛው ትከሻ (ዕቃው ወደሚያርፍበት ደረጃ) ሲቃረብ ዕቃውን በመዳፍ መታ መታ አድርጉት። ክፍት የነበረው ድምፅ በአንድ ጊዜ ይደፈናል፤ ትከሻው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ትከሻ ላይ ሳይደርስ የተጣበቀ ዕቃ የተያዘ ይመስላል እንጂ ሲዞር ይወዛወዛል።

አንድ ልጥ አብዝታችሁ ካነሣችሁና ከላላ እንጨቱን አትጣሉት። አንድ ንብርብር ሶፍት በመሀል ይግባ፤ ካልሆነ አፉን በጣት ውሃ አርጥባችሁ ጥቂት ጠብቁ፣ እንጨቱ ያብጣል። ጠመኔ መቀባትም መንሸራተትን ይቀንሳል። ከመሀሉ ደግሞ ቀዳዳ በስታችሁ ተዉለት፤ ሥራው ሲያልቅ በቀጭን ዘንግ ከኋላ ገፋ ለማድረግ። ያለ ቀዳዳ ሲሆን ማላቀቁ መዶሻና ጸሎት ይፈልጋል።

ቁጠባ ለሚወድ አንድ ነገር ልጨምር። ወንዴ ጃም ቻክ በተፋቀ ቁጥር ይቀጥናል፣ ሴቴው ይሰፋል። እንግዲያው በወንዴው ከትልቁ ዕቃ ጀምራችሁ ወደ ትንሹ ውረዱ፤ በሴቴው ከትንሹ ወደ ትልቁ ውጡ። አንዱ ቁራጭ ለተከታታይ ትእዛዞች ይበቃል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። መሮው ከነከሰ ዕቃው ይወጣል። ስለዚህ የኋላ መደገፊያውን (ቴልስቶኩን) ከእንጨት ትንሽ ትራስ ጋር ቂጡ ላይ አስደግፉት፤ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ ጉጥ ድረስ እዚያው ይቆይ። ጉጧን ቶርኖው ከቆመ በኋላ በእጅ መቁረጥና በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት ይበቃል። ፍጥነቱ ዝቅ፣ መሮው የተሳለ፣ የፊት መከለያው በቦታው፣ የሸሚዝ እጅጌ የተሰበሰበ ይሁን።

ባለአራት መንጋጋ፦ ገንዘብ ካለ ይሄ

የዚህ ጥቅም ውስጥ በመቦርቦር ጊዜ ነው። ጃም ቻክ ለከባድ ፍቂያ አይደለም፤ ባለአራት መንጋጋ ግን በቁልፍ ጠብቆ ወፍራም ልጥ ሲነሣም አይለቅም። አንድ ሥራ ላይ ደጋግሞ ለሚውል ሰው በአጭር ጊዜ ራሱን ይከፍላል።

ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፤ ይህን ቻክ መግዛት ከጃም ቻክ አያስጥልም። መንጋጋው የሚይዘው ከሳህኑ ሥር የተተወችን ክብ ጉብታ ነው፤ ያቺ ጉብታ መጨረሻ ላይ መጥፋት አለባት፤ ለማጥፋት ደግሞ ሳህኑ ተገልብጦ በሌላ ነገር መያዝ አለበት። ደግነቱ ጃም ቻኩንም ራሱን መንጋጋው ይይዘዋል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ፌስ ፕሌት መፍታትና ማሰር ይቀራል።

መንጋጋው አጥብቆ የሚይዘው ሊገጥም ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ያን ጊዜ አራቱ ቁራጮች ሙሉ ክብ ይሠራሉ። በጣም ከተከፈተ የሚነክሰው በስምንት ጠርዞች ብቻ ነው፤ እንጨቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ለተለመደው 50 ሚሊሜትር መንጋጋ ጉብታዋን ከ50 ትንሽ አስበልጡ። የሳህኑ ትከሻ መንጋጋው አናት ላይ ይረፍ፣ የጉብታዋ ጫፍ ግን የቻኩን ወለል አይንካ።

ሲገዙ መሀሉ የሚለወጥ ማስገቢያ ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ ነገ ቶርኖ ቢቀየር ማስገቢያውን ብቻ መቀየር ነው። ያገለገለ የብረት ቶርኖ ቻክ በርካሽ ሲቀርብ ግን አትጎምጁ። ደረጃ ደረጃ ያለው መንጋጋው ወደ ውጭ ወጥቶ በእንጨት ቶርኖ ፍጥነት ሲዞር ለዓይን አይታይም፤ ጣት ግን ያገኘዋል። ክብደቱም ለትንሽ ቶርኖ ተሸካሚ ኩሽኔታ ሸክም ነው።

ኮል ጆ

ሰፊ የብረት ሳህኖች ናቸው፤ ባለአራት መንጋጋው ላይ ይታሰራሉ፤ ስምንት የላስቲክ ጫማዎች የሳህኑን አፍ ዙሪያውን ያቅፋሉ። ያለ ባለአራት መንጋጋ ቻክ ብቻቸውን አይሠሩም፤ ይህን ሳያውቅ የሚያዝ አለ። አምራቾቻቸው በደቂቃ ከ600 ዙር ገደማ እንዳያልፉ ያስጠነቅቃሉ። አንድ ዓይነት ሳህን በብዛት ለሆቴል ለሚያቀርብ ሰው ጊዜ ይቆጥባሉ። ዛሬ ሳህን፣ ነገ ሙዳይ፣ ከነገ ወዲያ የጀበና ማስቀመጫ ለሚሠራ ግን ጫማዎቹን ፈትቶ ማዛወሩ ጃም ቻክ ከመፋቅ አያንስም።

ቫኪዩም ቻክ ደሴ ላይ

ቪዲዮ ላይ ሲታይ ያስቀናል፤ ሳህኑ ይጠጋል፣ ፓምፑ ይነሣል፣ በቃ። ነገር ግን ዕቃውን የሚይዘው ፓምፑ ሳይሆን ከውጭ የሚጫነው አየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ከፍታ ላይ ይሳሳል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ወደ 81 ይወርዳል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ 75 ያህል ነው። 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የቻኩ ጽዋ (ዕቃው የሚጠጋበት አፍ) በባሕር ዳርቻ ከተማ ቢበዛ በ80 ኪሎ ያህል ጉልበት ሲይዝ፣ እዚሁ ደሴ ግን ፓምፑ ምንም ያህል ቢጎብዝ ከ60 ኪሎ ብዙም አያልፍም። በተግባር ከዚህም ያንሳል፤ እንጨት በቃጫው በኩል አየር ያስገባል፣ ፍንጣሪ ያለበት ዋንዛ ደግሞ ይባስ። ዘንጉም ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት መሆን አለበት፤ በእጅ የተሠሩ ቶርኖዎች ይህን ማሟላታቸው ያጠራጥራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑና ሞተሩ አብረው ይሞታሉ፤ ሳህኑ ግን ገና እየዞረ ነው። አልመክርም።

ለየትኛው ሥራ የቱ?

ለክዳን ጃም ቻክን የሚያክል የለም፤ ባለአራት መንጋጋ ያለውም ይህንኑ ያድርግ። የስኳር ዕቃው ገና መንጋጋው ላይ እንዳለ የአፉን ከንፈር ከክዳኑ ልክ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍቁ፤ ክዳኑን እላዩ ላይ ተጭናችሁ አናቱን እዚያው ጨርሱት። ዕቃው ራሱ ለክዳኑ ጃም ቻክ ሆነ ማለት ነው፤ የሁለቱ መስመርም አንድ ላይ ስለሚፋቅ መጋጠሚያው በጣት አይታወቅም። አናቱ ካለቀ በኋላ ክዳኑን አውጥታችሁ ከንፈሩን በብርጭቆ ወረቀት አላሉት፤ ደንበኛው በአንድ እጁ እንዲከፍተው።

ለፍራፍሬ ሳህን ውስጡን በባለአራት መንጋጋ ወይም በፌስ ፕሌት፣ ቂጡን በሴቴ ጃም ቻክ። በብዛት ለሚወጣ አንድ ልክ ሳህን ብቻ ኮል ጆ ይታሰብ። ለስኒ ማስቀመጫና ለሌላ ጠፍጣፋ ነገር ጥልቀት የሌለው ሴቴ ይበቃል፤ በአንዱ ቁራጭ ሁሉም ያልቃል፣ ልካቸው አንድ እስከሆነ ድረስ።

ያልደረቀ እንጨት አራቱንም ያሸንፋል። ደሴ በነሐሴ ዝናብ የተፋቀ እርጥብ ዋንዛ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ በአንድ ወገን ይሸበሸብና ዕንቁላል ይሆናል፤ ያኔ ክብ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ወፍራሙን ፍቃችሁ፣ ጫፎቹን ኮላ ቀብታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁትና ከዚያ ለመጨረሻው ልክ አስገቡት። ባለፈው ክረምት የተሠራ ጃም ቻክም ከመደርደሪያ ወርዶ ቀጥታ ሥራ ላይ አይውልም፤ እሱም ቅርፁን ለውጧልና መጀመሪያ አንድ ልጥ ይነሣለት።

አፉ ወጣ ገባ ለሆነ ወይም ቅርፊቱ ለተተወ ሳህን ክብ ጃም ቻክም ኮል ጆም አይሆኑም። አናቱ እንደ ጡጫ የከበበ እንጨት ፌስ ፕሌቱ ላይ እሰሩ፣ ያረጀ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ አልብሱት፣ ሳህኑን በውስጡ በኩል አስደግፋችሁ ቂጡን በቴልስቶክ ጫኑት። የሚያዞረው የጎማው ሙጭጭታ፣ ከመሀል እንዳይወጣ የሚጠብቀው የቴልስቶኩ ጫፍ ነው፤ ስለዚህ የቴልስቶኩ ጫፍ በኩሽኔታ የሚዞር ይሁን፣ ቋሚ ከሆነ እንጨቱን ያቃጥላል።