የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን እንደ ነፍስ ጉዞ ስለሚያስተምረው የድምፅ ትምህርት

የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የውስጣዊ ለውጥ ምሳሌ አድርጎ ማንበብን የሚያስተምረውን ባለ10 ክፍል የድምፅ ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጫለሁ። እያንዳንዱ ክፍል 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ የሚነበቡትን ምዕራፎች የሚጠቁም አጭር መምሪያም አብሮ ይሰጣል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አስተማሪውም አይቸኩሉም።

ከሁሉም የላቀብኝ ሦስተኛው ክፍል ነው። በዘፍጥረት 32 ያዕቆብ በያቦቅ መሻገሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ከቆየ በኋላ ስሙን ይጠየቃል። አስተማሪው እዚህ ላይ ቆም ብለው ወደ ምዕራፍ 27 ይመልሱናል፤ ዓይኑ የፈዘዘው አባቱ ማንነቱን ሲጠይቀው «ዔሳው ነኝ» ብሎ በረከቱን የወሰደው ያው ሰው፣ አሁን «ያዕቆብ ነኝ» በማለት፣ ስሙ «አሰናካይ» ማለትም ነውና፣ አሰናካይነቱን በገዛ አንደበቱ ካመነ በኋላ ነው እስራኤል የሚለውን አዲስ ስም የሚቀበለው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ብኖርም ሁለቱን ጥያቄዎች አገናኝቼ አላውቅም ነበር። ምሳሌው ከውጭ የተለጠፈ ሳይሆን ከንባቡ የበቀለ በመሆኑ፣ ሹልዳው የተነካው ያዕቆብ ፀሐይ ስትወጣ እያነከሰ ሲሄድ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረጂ አላስፈለገኝም።

ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈው፣ እስራኤላውያን ከግብፅ ወጥተው በጉዞ ላይ የሰፈሩባቸውን ቦታዎች የሚቆጥረው የዘኍልቍ 33 የሰፈሮች ዝርዝርም በሚገባ ተብራርቷል። በ3ኛው መቶ ዘመን ያስተማረው ኦሪገን 42ቱን ሰፈሮች ነፍስ ወደ እግዚአብሔር ከፍ የምትልባቸው ደረጃዎች አድርጎ መተርጎሙ፣ በማቴዎስ 1 ከተቆጠሩት 42 ትውልዶችም ጋር ማያያዙ ተነግሯል። 12 ምንጮችና 70 ዘንባባዎች ወዳሉበት ወደ ኤሊም የሚደረሰው መራራውን የማራን ውኃ ካለፉ በኋላ መሆኑን ስሰማ ቀረጻውን አቁሜ ምዕራፉን እንደገና አነበብሁ።

ከስድስተኛው ክፍል በኋላ ግን ትርጓሜው እንደ መዝገበ ቃላት ይደርቃል፤ ግብፅ ሥጋ ናት፣ ውኃ እውነት ነው፣ ተራራ ጸሎት ነው ይባላል። በኖኅ ዘመን ፍጥረትን ያጠፋው ውኃና ከዓለት ፈልቆ የተጠማውን ሕዝብ ያረካው ውኃ እንዴት አንድ ፍቺ ሊኖራቸው ይችላል? ይበልጥ ያሳዘነኝ የሣራ አገልጋይ የነበረችው የአጋር ጉዳይ ነው። ጳውሎስ በገላትያ 4 ሣራንና አጋርን የሁለት ኪዳኖች ምሳሌ ማድረጉ እውነት ነው፤ ሆኖም ትምህርቱ አጋርን ከልባችን ልናስወጣት የሚገባ ባርነት ብቻ አድርጎ ሲያልፋት፣ በዘፍጥረት 16 በምድረ በዳ ምንጭ አጠገብ እግዚአብሔርን «ኤልሮኢ» (የሚያየኝ አምላክ) ብላ የጠራችውን ሴት ጨርሶ ረስቷታል። ተገፍቶ የሸሸ ሰው መታየቱን የሚያውቅበት ይህ ስፍራ፣ ስለ ውስጣዊ ለውጥ በሚናገር ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ይገባው ነበር።

መምሪያው ጥቅሶቹን በቁጥር ብቻ ስለሚያመለክት መጽሐፉን ገልጦ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ እኔ እንዲያውም ምዕራፉን አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ማንበብን እመክራለሁ። ጊዜው የሚያጥረው ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፍሎች ቢያዳምጥ ይበቃዋል።