40ኤክስ ኮምፓክት ወይስ 3ኤክስ ዲኤስኤልአር? የዙም ንጽጽር ለገዢዎች

ኪስ ውስጥ የሚገባው ኮምፓክት ካሜራ ካርቶኑ ላይ «40ኤክስ ዙም» ይላል። ከጎኑ የተቀመጠው ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚነቀልና የሚቀየር ትልቁ ካሜራ) አብሮት በሚሸጠው 18-55 ሌንስ ሲሰላ 3ኤክስ ብቻ ነው። ገዢ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፤ ትልቁና ከባዱ ካሜራ እንዴት በትንሹ ይበለጣል? ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ችግሩ ኤክስ ካሜራው የቱን ያህል ሩቅ እንደሚያቀርብ አለመናገሩ ነው።

ኤክስ የሚገኘው በማካፈል ነው። የሌንሱ ረጅሙ ፎካል ሌንግዝ (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው፣ ሲጨምር ሩቁን የሚያቀርበው ቁጥር) ለአጭሩ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። 24-240 ሌንስ 10ኤክስ ነው፣ 28-280ም 10ኤክስ ነው፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያነሳው ግን ሁለተኛው ነው። የበለጠ የሚያስገርመው ይህ ነው፦ በ2019 የወጣው የሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7 ከ24 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ 8.3ኤክስ ነው። የካኖን 55-250 የዲኤስኤልአር ሌንስ 4.5ኤክስ ነው። በኤክስ ብቻ ከፈረድን ሶኒው በእጥፍ ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። ወደ ሩቅ ሲዞር ግን ካኖኑ 400 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሶኒው 200 ላይ ይቆማል።

ሌንሱ ላይ 250 ተጽፎ 400 ያልኩት በሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን በሚሠራው የካሜራው ክፍል፣ መጠን ምክንያት ነው። ሴንሰሩ ሲያንስ የሚያየው የምስሉን መሃል ብቻ ስለሆነ ነገሩ የቀረበ ይመስላል። ለማወዳደር እንዲመች ሁሉም ወደ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር፣ ማለትም ወደ ፉል ፍሬም ስሌት ይመለሳል። በተለመዱት አነስተኛ ሴንሰር ባላቸው ዲኤስኤልአሮች ላይ የካኖንን ሌንስ በ1.6፣ የኒኮንን በ1.5 ማባዛት ነው። የኮምፓክት ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሚሊ ሜትር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተባዛ ነው። ስለዚህ ሁለት ካሜራ ስታወዳድሩ ኤክሱን ተዉትና «በፉል ፍሬም ስሌት ረጅሙ ጫፍ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰፊውን ጫፍም እንዳትረሱት፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሰብስቦ ለማንሳት በ24 እና በ28 መካከል ያለው ልዩነት በደንብ ይታያል።

አሁን ሁለቱን በቃል ሳይሆን በሥራ እናወዳድራቸው። ኮምፓክቱ በ2018 የወጣው የካኖን ኤስኤክስ740 ይሁን፤ 40ኤክስ ነው፣ ከ24 እስከ 960 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ዲኤስኤልአሩ የኒኮን ዲ3500 ይሁን። 20 ሜትር ርቀት ላይ ርዝመቷ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነች ወፍ ቅርንጫፍ ላይ አርፋለች። ኒኮኑ በ18-55 ሌንሱ መጨረሻ ድረስ ቢዞር ፎቶው 8.5 ሜትር ስፋት ይይዛል፤ ወፏ 6000 ፒክስል ከሚሰፋው ፎቶ ላይ 140 ያህሉን ብቻ ትወስዳለች። ነጥብ ናት ማለት ይቻላል። ሌንሱ በ70-300 ሲቀየር ስፋቱ ወደ 1.6 ሜትር ይወርድና ወፏ 760 ፒክስል ገደማ ትሆናለች። ካኖኑ ደግሞ 72 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚይዝ ወፏ ከፎቶው ስፋት ሩብ በላይ ትሞላለች፤ ከ1400 ፒክስል በላይ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ኮምፓክቱ አሸንፏል። ሌላ ሌንስ የማይገዛና ከ18-55 ጋር ለሚቀር ሰው ደግሞ በርቀት ጉዳይ ክርክር የለም፤ ኮምፓክቱ እጅግ ይበልጥለታል። ዲኤስኤልአር ስለገዙ ብቻ ሩቁ የሚቀርብ መስሏቸው የሚያዝኑ ብዙ ናቸውና ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ነገር ግን የካኖኑን ሌንስ ፊት ለፊት እዩት። ቀለበቱ ላይ የተጻፈው 960 ሳይሆን 4.3-172 ነው። እውነተኛው ፎካል ሌንግዝ ይህ ነው፤ 960 የሚባለው ሴንሰሩ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያነሰ ስለሆነ ነው። የዲ3500 ሴንሰር በስፋት (ርዝመት በወርድ ሲባዛ) 13 እጥፍ ይሆናል። ከፎካል ሌንግዙ ቀጥሎ 3.3-6.9 የሚል ይገኛል፤ ይህ አፐርቸሩ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። 172ን ለ6.9 ብናካፍል ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኒኮን 70-300 ሌንስ ጫፉ ላይ ኤፍ 6.3 ነው፤ 300 ለ6.3 ሲካፈል 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ከዚያችው ወፍ የሚሰበስበው ብርሃን ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ይህ ደግሞ ርካሽ ከሚባሉት የዲኤስኤልአር ሌንሶች አንዱ ነው።

ጠባቡ ቀዳዳ ሌላም ዕዳ አለው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን አንድ ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ነጥብ ሆኖ አያርፍም። በኤፍ 6.9 የብርሃኑ ክብ 9 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያህል ይሰፋል፤ የካኖኑ አንድ ፒክስል ግን ከ1.2 ማይክሮን ብዙም አይበልጥም። አንዷ የላባ ጫፍ ሰባት ስምንት ፒክስል ላይ ትፈሳለች ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 20 ሜጋፒክስል ዙሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሙሉ ዋጋ የማይሰጠው ለዚህ ነው። የኒኮኑን ፎቶ ኮምፓክቱ በሚያየው ስፋት ልክ ብትቆርጡት 5 ሜጋፒክስል ያህል ይቀራችኋል፤ ላባዋ ግን ቢያንስ በዚያው ልክ ትለያለች። በጠራ ፀሐይ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ኮምፓክቱ መቁረጥ ስለማያስፈልገው ይመቻል እንኳ። ሲመሻሽ ወይም ወፏ ጥላ ውስጥ ስትገባ ግን አይገናኙም።

ሲመሻሽ የሚሆነው እንዲህ ነው። በ960 ሚሊ ሜትር በእጅ ይዞ ሳይንቀጠቀጥ ለማንሳት የቆየው ልማድ ወደ 1/1000 ሴኮንድ የሚጠጋ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ይጠይቃል። የካሜራው ማረጋጊያ ይህን በጣም ያቀልላል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፏን መንቀሳቀስ ግን አያስቆምም። ብርሃኑ ሲያንስ ካሜራው አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ያደርጋል፣ ትንሹ ሴንሰር ላይ ያኔ ምስሉ ይሻክርና ካሜራው ራሱ ለማለስለስ ሲሞክር ላባው የተቀባ ይመስላል። ይህን ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ቅንብር የለም።

ጨረቃ ግን ለትንሹ ካሜራ ታደላለች። ፀሐይ የምታበራት ስለሆነች ደማቅ ናት፣ ቦታዋንም የምትለቀው በዝግታ ነው። በ2018 የወጣው የኒኮን ፒ1000 125ኤክስ ነው፤ 3000 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሙሉ ጨረቃ የፎቶውን ቁመት ትሞላለች። ይህን በዲኤስኤልአር ለማግኘት የሚያስፈልገውን ሌንስ ብዙ ሰው አይሸከመውም፣ አይገዛውምም። ፒ1000 መልኩ ዲኤስኤልአር ይምሰል እንጂ ሌንሱ አይነቀልም፣ ሴንሰሩም የኪስ ካሜራው ያህል ነው፤ ክብደቱ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ቀን ላይ ከሩቅ ማየት ለሚወድ ሰው ከልብ የምመክረው ካሜራ ነው፤ ለሠርግና ለአዳራሽ ግን አይሆንም።

አያያዝም ቀላል ነገር አይደለም። ኤስኤክስ740 ዓይን ላይ የሚደገን ቪውፋይንደር የለውም። በ960 ሚሊ ሜትር ክንድን ዘርግቶ፣ ፀሐይ ባረፈበት ስክሪን ላይ ቅርንጫፉን መፈለግ አድካሚ ነው፤ ካሜራው በትንሹ ሲያዘነብል ወፏ ከስክሪኑ ትጠፋለች። ዲኤስኤልአር ፊት ላይ ተደግፎ ስለሚያዝ ይረጋጋል፣ ቀለበቱን በእጅ ስታዞሩት ዙሙ ወዲያው ይታዘዛል፤ ኮምፓክቱ ሞተሩ እስኪገፋው መጠበቅ አለባችሁ። ሮጦ የሚያልፍ ልጅ ወይም ኳስ ሜዳ ላይ ይህች ሴኮንድ ፎቶውን ትወስናለች፤ የዲኤስኤልአር ፎከስም በእንዲህ ያለ ሥራ ከተራ ኮምፓክት ይፈጥናል። አዳራሽ ውስጥ የመድረክ ዝግጅት ለማንሳት ደግሞ 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ አለ፤ 3ኤክስ እንኳ አይሞላም፣ ክብደቱ 1.5 ኪሎ ይጠጋል፣ በዚህ ጽሑፍ ከተነሱት ካሜራዎች ሁሉ ይልቅ ለዚያ ሥራ የተሠራው ግን እሱ ነው።

ክብደት እንግዲህ የኮምፓክቱ መከራከሪያ ነው። ኤስኤክስ740 ከነባትሪው 300 ግራም ነው። ዲ3500 ከ18-55 እና ከ70-300 ጋር 1 ኪሎ ያልፋል፣ በየመሃሉም ሌንስ መቀያየር አለ። መቀያየሩ የሚሰለቸው ሰው እንደ ታምሮን 18-400 ያለ ሌንስ ያያል፤ 22ኤክስ ነው፣ ሥራውንም ይሠራል፣ ግን ብቻውን 700 ግራም ነው። እኔ ግን ሌንስ ለመቀየር ሐሳብ ለሌለው ሰው ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ኮምፓክት የተሻለ መንገድ ነው እላለሁ። በ2018 የወጣው የፓናሶኒክ ቲዜድ200 ከ24 እስከ 360 ይሄዳል፣ ቪውፋይንደር አለው፣ ክብደቱ 340 ግራም ነው፣ ሴንሰሩም ከኤስኤክስ740 አራት እጥፍ ይሰፋል። ለጉዞ ከዚህ በላይ ዙም የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ «ዲጂታል ዙም» የሚባለውን ከሒሳቡ አውጡት። የፎቶውን መሃል ቆርጦ ማሳደግ ብቻ ስለሆነ እቤት በኮምፒውተር ሊሠራ ይችላል። የምታወዳድሩት ኦፕቲካሉን ብቻ ነው።

ካኖንና ኒኮን ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ (እንደ ዲኤስኤልአር ውስጡ መስታወት ወደሌለው ካሜራ) ስላዞሩ ዲኤስኤልአርና ሌንሶቹ በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው። ይህ ረጅም ሌንስ ለሚፈልግ ጥሩ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ሌንሱን ከራሳችሁ ካሜራ ጋር ገጥማችሁ ሞክሩት። ዲ3500 ውስጡ የፎከስ ሞተር ስለሌለው የቆዩት ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርጉለትም። በተቃራኒው አዲሶቹ ኤኤፍ-ፒ ሌንሶች እንደ ዲ3100 እና ዲ5100 ባሉ የቀደሙ ካሜራዎች ላይ ፎከሳቸው አይሠራም። የኤኤፍ-ፒ 70-300 ሌንስ ደግሞ ማረጋጊያ ያለውም የሌለውም አለ፤ የሚለዩት ስሙ ላይ «ቪአር» በሚለው ነው፣ ከሩቅ ለማንሳት የሚፈለገውም ቪአር ያለው ነው።