የስፕሪንግ ኢንተርሴፕተሮችን ተራ ማስያዝ፦ የዘጠኝ ወር ልምድ

ጎንደር ፒያሳ ካለው ቢሯችን ሆነን የሆቴል አልጋ የሚያስይዝ የጃቫ መተግበሪያ ከመስከረም ጀምሮ በስፕሪንግ (የጃቫ የድር መተግበሪያዎች መሥሪያ ማዕቀፍ) ላይ እናስኬዳለን። የሚገባው ጥያቄ ሁሉ ሎግ (የክንውን መዝገብ) በሚጽፍ፣ ማንነት በሚያጣራና ቋንቋ በሚመርጥ ሦስት ኢንተርሴፕተሮች (ጥያቄውን ከሚያስተናግደው ኮድ በፊትና በኋላ የሚሠሩ ክላሶች) በኩል ያልፋል።

ስለ ተራቸው ያሰብነው ዘግይተን ነው። ከጥር 11 ቀደም ባሉት ቀናት፣ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ሲበዛ፣ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች «አላስገባ አለን» እያሉ ይደውሉ ጀመር፤ ሎጉ ግን ባዶ ነበር። ኢንተርሴፕተሮቹን በሁለት የተለያዩ የማዋቀሪያ ክላሶች መዝግበናቸው ነበር፤ የተራ ቁጥር ያልተሰጠው ሁሉ ዜሮ ስለሚይዝ፣ እኩል የሆኑትም በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ስለሚሰለፉ፣ ማንነት አጣሪው ቀድሞ ቆሞ የመለሰው ጥያቄ ሎግ ጸሐፊው ዘንድ ጨርሶ አልደረሰም።

መጀመሪያ በክላሶቹ ላይ የኦርደር አኖቴሽን (ተራን የሚገልጽ የኮድ ምልክት) ለጠፍኩ፤ የተለወጠ ነገር የለም። ስፕሪንግ እዚህ ላይ የሚያየው በምዝገባው ጊዜ በኦርደር ሜተድ የተሰጠውን ቁጥር ነው። አኖቴሽኑን ሲያልፈው ማስጠንቀቂያ እንኳ አለመጻፉን እስከ ዛሬ አልወደድኩለትም። ትንሹ ቁጥር ስለሚቀድም ለሎግ 10፣ ለማንነት 20፣ ለቋንቋ 30 ሰጠን፤ ምዝገባውንም ወደ አንድ ክላስ ሰበሰብነው።

ይበልጥ ያስቸገረን የመልስ ጉዞው ነው። ከአስተናጋጁ ኮድ በፊት የሚጠራው ፕሪሃንድል በቁጥሩ ተራ ሲሄድ፣ ከኮዱ በኋላ የሚጠራው ፖስትሃንድልና ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚጠራው አፍተርኮምፕሊሽን ግን በተቃራኒው ይመለሳሉ፤ አፍተርኮምፕሊሽን ደግሞ የሚጠራው ፕሪሃንድሉ «ትሩ» (ይለፍ) ለመለሰ ኢንተርሴፕተር ብቻ ነው። የእኛ ማንነት አጣሪ የተጠቃሚውን ስም ጥያቄውን በሚያስኬደው ትሬድ (የሥራ ክር) ላይ ካስቀመጠ በኋላ ፈቃድ የሌለውን «ፎልስ» (አይለፍ) ብሎ ይመልስ ስለነበር፣ ስሙን የሚያጠፋው የራሱ አፍተርኮምፕሊሽን ሳይጠራ ይቀራል። መተግበሪያው የሚሠራበት ሰርቨር ቶምካት ያንኑ ትሬድ ለሌላ ጥያቄ ሲሰጠው፣ መግቢያ በማይጠየቅበት የዋጋ ገጽ ላይ የማናውቀው እንግዳ በሌላ ሰው ስም ሎጉ ውስጥ ይታያል። ይህን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ማጥፋቱን ወደ ሎግ ጸሐፊው አዛወርነው፤ እሱ ቀድሞ ገብቶ ሁልጊዜ «ትሩ» ስለሚመልስ፣ ስህተት ቢወረወርም መጨረሻ ላይ ይጠራል።

ከፊልተር (ጥያቄውን በሰርቨሩ ደረጃ ከሚያጣራ ክላስ) ለመቅደም የሚፈልግ ግን በቁጥር አይደክም፤ ፊልተሮች ጥያቄው የስፕሪንግ መግቢያ የሆነው ዲስፓቸር ሰርቭሌት ከመድረሱ በፊት ስለሚሠሩ የትኛውም ኢንተርሴፕተር አይቀድማቸውም።

ባለፈው ግንቦት የጥያቄ ብዛት የሚገድብ አራተኛ ኢንተርሴፕተር ስንጨምር 15 ሰጠነው፤ ሌሎቹን መንካት አላስፈለገንም።