የአውስትራሊያን ሠዓሊዎች ለማወቅ፦ ጋለሪ ይሻላል ወይስ ኢንስታግራም?

ወጪ፦ ሜልበርን ፌዴሬሽን አደባባይ ያለው የቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ ቋሚ ስብስቡን በነፃ ያሳያል። ኢንስታግራም ዳታ ብቻ ይበላል።

ዓይን፦ እዚህ ላይ ጋለሪውን የሚያህል የለም። የዴል ካትሪን ባርተን ሥዕል ስልክ ላይ ደማቅ ፊት ብቻ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን እንደ ጥልፍ ክር የቀጠኑ መስመሮች ሸራውን ሞልተውታል። ደቂቃዎች ቆማችሁ ብታዩትም አይጠገብም!

ምርጫ፦ ጋለሪ የሚያሳየው ራሱ የመረጠውን ነው፤ በምርጫ ደግሞ ቶሎ የማይታዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1921 የተጀመረውን የአርቺባልድ የቁም ሥዕል ሽልማት አንድ የአቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ) ሠዓሊ፣ ቪንሰንት ናማትጂራ፣ ያሸነፈው ገና በ2020 ነው። የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊዎችን ደግሞ ስልካችሁ ላይ ቶሎ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቹ የእርሳስ ንድፋቸውን ሳይቀር ይለጥፋሉ።

ስጋት፦ ኦንላይን ስትገዙ ተጠንቀቁ። የአቦርጂናል ሥራ አስመስለው የሚሸጡ አሉ። የሠዓሊውን ስም፣ የትውልድ ማኅበረሰቡንና ሥራው የመጣበትን የሥዕል ማዕከል ጠይቁ። ሻጩ ከተድበሰበሰ ተዉት።

የሜልበርን ሰፈር ፉትስክሬይ የምትኖሩ ባቡር ይዛችሁ ፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ ውረዱ፤ ጋለሪው መንገድ ተሻግሮ ነው። ርቃችሁ ላላችሁ፣ በተለይ ራሳችሁ መሣል ለምትማሩ፣ ስልኩ ይሻላል።