ደሴ ላይ የባዮሎጂ አስጠኚ ለምትፈልጉ

ልጄን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያስጠናልን የከረመውን መምህር በአደባባይ ላመስግነው። ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ልጄን ያስቸገራት አንጂዮስፐርም (አበባ ያላቸው፣ ዘራቸው በፍሬ የተሸፈነ ተክሎች) እና ጂምኖስፐርም (እንደ ጥድ ያሉ፣ አበባ የሌላቸውና ዘራቸው በፍሬ ያልተሸፈነ) ነበር። ትርጉሙን በቃሏ ትወጣዋለች፤ ጥያቄው ትንሽ ዞር ካለ ግን ግራ ይገባታል። ቲቸር "አብሽሪ" አላትና ደብተሩን አስዘግቶ ጓሮ ይዟት ወጣ። እኔም ተከተልኳቸው።

አንድ የባቄላ አበባ ቀጥፎ በምላጭ ለሁለት ሰነጠቀው። መሃሉ ላይ አረንጓዴ ቀጭን ነገር አለ፤ ኦቫሪው (የዘር ማቀፊያው) እሱ ነው። ሲከፍተውና በማጉያ መነጽር ስናየው ጥቃቅን ኦቭዩሎች ተደርድረዋል። ባቄላ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ኦቫሪው ደግሞ እሸት ስንፈለፍል የምንጥለው ቅርፊት ይሆናል። የአበባው ዱቄት ጫፉ ላይ ካረፈ በኋላ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ወደ ውስጥ መውረድ አለበት።

ቀጥሎ ከአጥሩ የሐበሻ ጥድ ላይ ያቺን ጥቁር ሰማያዊ ድቡልቡል ቆረጠ። ሁላችንም ፍሬ እንላታለን። "ፍሬ አይደለችም፣ ኮን ናት፤ ዘር የያዙ ቅርፊቶች ስብስብ ማለት ነው" አለና በጥፍሩ ፈለቀቃት። ቅርፊቶቿ ወፍረው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ዘሩን ይዘውታል። ኦቫሪ የሚባል ነገር የላትም። ለጋ ሳለች ኦቭዩሏ ለአየር ክፍት ነው፤ ጫፉ ላይ የምትወጣ የፈሳሽ ጠብታ ነፋስ ያመጣውን ዱቄት ትይዛለች። የሐበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴው ለብቻ፣ ሴቴዋ ለብቻ ዛፍ ናቸው። ለዚህ ነው አንዳንዱ ጥድ ዕድሜውን ሙሉ ድቡልቡል የማይዘው።

እኔን በጣም የገረመኝ የስንቁ ነገር ነው። አበባ ያለው ተክል ላይ ሁለት የወንዴ ህዋሶች ይገባሉ። አንዱ ከእንቁላሉ ጋር ተዋህዶ ጽንስ ይሆናል፣ ሌላው የጽንሱን ምግብ ያስጀምራል። ነጩ የስንዴ ዱቄት ያ ምግብ ነው! ይህን ድርብ ጽንሰት ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ናቫሺን በ1898 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገው። እነ ጥድ ግን ምግቡን የሚያሰናዱት ከጽንሰቱ በፊት ነው። ጊዜውም ይለያያል፦ በቆሎ የአበባው ዱቄት ካረፈበት በኋላ በአንድ ቀን ገደማ ሲጸንስ፣ ፓይን የሚባለው ዛፍ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ልጄ አሁን ይህን ለታናሽ ወንድሟ ታስረዳለች።

መምህሩ ሰዓት አክባሪ ነው። እርግጠኛ ያልሆነበትን "አጣርቼ እመጣለሁ" ይላል፣ አጣርቶም ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻም ይወርዳል። ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልን።