ስታክ ሲፈተሽ፦ በግምት ወይስ በካርታ?

ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዘን ከጓደኛዬ ጋር የተሟገትንበት ጉዳይ ነው። ጋርቤጅ ኮሌክተር (ፕሮግራሙ የማይፈልገውን ዕቃ ከሜሞሪ የሚጠርገው ክፍል) ሥራ ሲጀምር፣ የትኛው ዕቃ አሁንም እንደሚፈለግ ለማወቅ የእያንዳንዱን ትሬድ (የፕሮግራሙ አንድ የሥራ መስመር) ስታክ (ትሬዱ ጊዜያዊ ዋጋዎቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ማየት አለበት። እዚያ የሚያገኘው ግን ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው አድራሻ ነው፣ የትኛው ተራ ቁጥር?

አንደኛው መንገድ ግምት ነው። ቁጥሩ ሂፕ (ዕቃዎቹ የሚቀመጡበት የሜሞሪ ክፍል) ውስጥ ያለ ዕቃ አድራሻ ከመሰለ፣ ዕቃው አይነካም። አያቴ ባዶ ጣሳ ሁሉ «ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል» እንደምትለው። ሩቢ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የማሽን ስታኩን የሚያየው እንዲህ ነው። ይህ መንገድ ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን) አያስቸግርም፣ በሲ ቋንቋ ከተጻፈ ኮድ ጋርም ይስማማል። ችግሩ፣ አንድ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) በአጋጣሚ አድራሻ ከመሰለ የሞተ ዕቃ ሳይጠረግ ይቀራል። በ32 ቢት ይህ የምር ያስቸግራል፤ በ64 ቢት አድራሻው ሰፊ ስለሆነ ብርቅ ነው። የሚብሰው ሌላ ነው፦ ዕቃውን ከቦታው ማንቀሳቀስ አይቻልም። ብታንቀሳቅሰው ስታኩ ላይ ያለውን ቁጥር መቀየር አለብህ። ቁጥሩ የአንድ ደንበኛ ሒሳብ ቢሆንስ?

ሁለተኛው ካርታ ነው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ለጽዳት ሊቆም በሚችልበት ቦታ ሁሉ «ፖይንተር (የዕቃ አድራሻ) ያለው እዚህና እዚህ ነው» ብሎ ይመዘግባል። የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ሆትስፖት እንዲህ ይሠራል፤ ጎ (Go) የተባለው ቋንቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ስሪት 1.3 ጀምሮ። በካርታ ዕቃን እንደልብ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ካርታው አንዲት ቦታ ከሳተ ግን በሕይወት ያለ ዕቃ ይጠረጋል፣ ፕሮግራሙም ቆይቶ ጭራሽ ሌላ ቦታ ይወድቃል።

ጓደኛዬ «ካርታ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» አለ። እኔ ግን ብቻውን አዲስ ቋንቋ የሚሠራ ሰው በግምት ይጀምር ባይ ነኝ። መልስ ሊሰጠኝ ሲል መብራት ጠፋ።