አዲስ ሕግ ለማስወጣት፦ ፊርማ ማሰባሰብ ወይስ በምክር ቤት አባል በኩል?

ፊርማ፦ ጉልበት ይበላል። በፊንላንድ በ6 ወር ውስጥ 50,000 ድጋፍ ያገኘን የዜጎች ሐሳብ ፓርላማው ሊያየው ይገባል፤ ማየት ግን ማጽደቅ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚያሰናክለው ውድቅ የሚሆን ፊርማ ነው፦ ሁለቴ የፈረመ፣ የመምረጥ መብት የሌለው፣ ስሙ የማይነበብ። ስለዚህ ከተጠየቀው በላይ መሰብሰብ ግድ ነው።

የምክር ቤት አባል፦ ወጪው ትንሽ፣ ሥጋቱ ሰውየው ራሱ። ፓርቲው ፊቱን ካዞረ ረቂቁ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሲሄዱ «ኑሮ ይሻሻል» ብቻ አይበሉ፤ የትኛው አንቀጽ፣ ምን ተሰርዞ ምን እንደሚገባ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በአንድ ገጽ ይያዙ።

አንዲት አንቀጽ ለማስተካከል፣ ለምሳሌ አከራይ ኪራይ ከመጨመሩ በፊት የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማርዘም፣ አባሉ ይሻላል። ፓርቲዎች ሊነኩት የማይደፍሩት ጉዳይ ከሆነ ግን ፊርማው።